ማን ታሞ ነው?

ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ቢያጋጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ልንገራችሁ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳትጨርሱ፣ ፊታችሁን ቅጭም አድርጋችሁ፣ «ምነው፣ ማን ታሞ ነው?» ትሉታላችሁ። ሙዝ ቢይዝም ያው ነው። ብርቱካንና ሙዝ አንድ ላይ ከያዘ ደግሞ ሕመሙ ጠና ብሏል፣ በሽተኛው አልጋ ይዟል ማለት ነው። አናናስ ከጨመረበትማ ዘመድ ይሰብሰብ። ሥጋ ይዞ የሚገባን ሰው «ማን ታሞ ነው?» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሥጋ የያዘ «በዓል አደረግከው» ይባላል፤ ቢራ የያዘ «ምን ተገኘ?» ይባላል፤ ብስኩት የያዘ «ለልጆች ነው? እሰይ» ተብሎ ይመረቃል። ፍራፍሬ የያዘ ብቻ ነው መርዶ ነጋሪ የሚመስለው።

ነገሩን ስታስቡት፣ እኛ ለጤነኛ ሰው ያዘጋጀነው ምንም ነገር የለንም። መልካም የምንለውን ሁሉ ለበሽታ ነው ያስቀመጥነው። የዶሮ ሾርባው ለከሳ፣ እንቁላሉ ለአራስ፣ ብርቱካኑ ለተኛ። እረፍቱ እንኳ «ሐኪም ተኛ ብሎኛል» ብሎ ወረቀት ላሳየ ሰው ነው። ጤነኛማ ጤናው ራሱ ይበቃዋል፤ ምን አነሰውና! አያቶቻችን «ጎመን በጤና» ብለው ጎመኑንና ጤናውን አንድ ላይ አውርሰውን ነበር። እኛ ጎመኑ ድሃ ያስመስለናል ብለን ትተን ጤናውን ብቻ ለማስቀረት እየታገልን ነው። እስካሁን የተሳካለት ሰው አላየሁም።

ይህን የምላችሁ ፈላስፋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ሹፌር ነኝ፤ ለማ እባላለሁ። ከባቱ፣ ከመቂና ከዓለም ጤና አትክልትና ፍራፍሬ በአይሱዙ እየጫንኩ፣ ሲሆን ለአዲስ አበባ፣ ሳይሆን ለራሳችን ለአዳማ ገበያ አደርሳለሁ። ዕድሜዬን ቲማቲም ከሳጥን ሲፈስ፣ ፓፓያ በጉዞ ላይ ሲበስል፣ ካሮት በኬሻ ሲጫን እያየሁ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የመኪናዬን ጠረን የለመዱ ጎረቤቶቼ ሳያዩ «ዛሬ ሽንኩርት ነው የጫነው» ይላሉ፤ ተሳስተውም አያውቁ። እኔ ቤት ግን ከዚያ ሁሉ ጭነት፣ ለወጥ ከሚሆን ሽንኩርትና ቲማቲም በቀር፣ ምንም ነገር ገብቶ አያውቅም ነበር። ምክንያቱም ከመንገድ የሚመለስ አባት ለልጁ ምን ይዞ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ብስኩት፣ ጁስ፣ ከረሜላ፣ ብቻ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው ነገር ይሁን። ፓፓያ ይዞ የገባ አባት ባዶ እጁን እንደገባ ይቆጠራል።

ልጄ ሲፈን ትባላለች። ሦስት ዓመት አልፏታል። እኔና ባለቤቴ አስቴር ከተጋባን በኋላ ብዙ ጠብቀን፣ ብዙ ተስለን ያገኘናት ስለሆነች ቅምጥል ብትሆን አይፈረድባትም። ቁርሷ ሻይ በብስኩት ነው። ምሳዋ መኮሮኒ ነው። መክሰሷ ጁስ ነው። እራቷ ደግሞ ከምሳ የተረፈው መኮሮኒ ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ስለሚዞር ደጅም ብዙ አትወጣም። ወፍራም ናት፤ ጉንጯ ቆንጥጡኝ፣ ቆንጥጡኝ ይላል። የሰፈራችን የገንደ ሀራ ሰው «ምንድን ነው የምታበሏት?» ሲለን ምስጋና እንጂ ጥያቄ አልነበረም። አስቴርም ኮራ ብላ «ምንም አላስቀርባትም፤ ቫይታሚንም አላት» ትል ነበር። ቫይታሚን ያለችው ከፋርማሲ የገዛነውን ቀይ ሽሮፕ ነው። ቡፌው ላይ፣ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ፣ እንግዳ እንዲያየው ሆኖ ተቀምጧል።

ብዙ ጊዜ ከመንገድ የምመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ሲፈን ክላክሴን ስትሰማ ከቤት በሩጫ ትወጣና እግሬ ላይ ትጠመጠማለች። ለዚያች ሩጫ ስል ነው የቀኑን ፀሐይ ሁሉ የምችለው። አንድ አመሻሽ እንደ ልማዷ ወጣች፤ ሮጠች፤ ሮጣም አለፈችኝ። አልፋኝ ሄዳ የበሩን ብረት አቅፋ «አባዬ» አለችው። ሳቅን። እኔም፣ አስቴርም፣ በረንዳቸው ላይ የነበሩት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ልጅቷም እኛን አይታ፣ ይቅርታ፣ ሰምታ ሳቀች። በማግስቱም ደገመችው። «ይቺ ቀልደኛ!» አሉ እትዬ ብርቄ። ሌላ ቀን ግን ስትሮጥ ጀሪካን ጠልፎ ጣላትና ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ አልሳቅንም።

ቀን ላይ ምንጣፍ ውስጥ የገባች መርፌ ለቅማ የምታነሳ ልጅ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ጀመረች። ፈራሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎኝ ያውቃል፤ እንደዚህ ግን ፈርቼ አላውቅም። እንጀራዬ በዓይኔ ነው። ዓይን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሹፌር አይነገረውም። ልጄ ግን ገና ዓለምን አይታ ሳትጠግብ እየጨለመባት ነው።

እትዬ ብርቄ ግን መላ አያጡም። እሳቸውን ሳላስተዋውቃችሁ ማለፍ ነውር ነው። ልጆቻቸውን አሳድገው ድረው፣ አሁን ደግሞ የሲፈን እኩያ የሆነውን የልጅ ልጃቸውን አቤልን የሚያሳድጉ፣ እድሩም ማኅበሩም ያለ እሳቸው የማይንቀሳቀስ ሴት ናቸው። ለማንኛውም በሽታ የሚያውቁት የሞተ ሰው አላቸው። «የሰው ዓይን በልቷት ነው» አሉ። «ወፍራም ልጅ ደጅ አታውጡ ስል ማን ሰማኝ?» ይወዱናል፤ ክፋት የለባቸውም። ይሁን እንጂ ሲናገሩ አስቴር ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ ስታቅፋት አየሁና፣ ነገሩ ሥር ሳይሰድ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

የተቀበለችን ሲስተር ወጣት ናት፤ ችኩል አይደለችም። የሲፈንን ዓይን ገለጥ አድርጋ በባትሪ አየች። ከዚያ መብራቱን አጠፋች፣ መጋረጃውን ጎተተች፣ አንዲት ትንሽ ኳስ መሬት ላይ አስቀምጣ «ሲፈኔ፣ እስኪ ኳሷን አምጪልኝ» አለቻት። ሲፈን ጎንበስ ብላ በእጆቿ ወለሉን ዳበሰች። ኳሷ እግሯ ሥር ነበረች።

«ዳፍንት ነው የሚመስለው» አለች ሲስተሯ፣ መጋረጃውን እየከፈተች።

ዳፍንት! እኔ ይህን ቃል ከአያቴ ጋር የተቀበረ ነበር የመሰለኝ። አስቴር ደግሞ ተቀየመች። «እሱ የተቸገረ ሰው በሽታ አይደለም እንዴ?» አለች። «እኛ ቤት እኮ ምግብ ሞልቷል።»

«ምን ምን ትበላለች?» አለች ሲስተሯ።

አስቴር ከብስኩቱ ጀምራ እስከ መኮሮኒው ዘረዘረችላትና፣ ይኸው ብላ ቀዩን ሽሮፕ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ሲስተሯ ጽሑፉን አነበበች። «ይሄ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ፍላጎቷን እየከፈታችሁ መኮሮኒ ስታስገቡበት ነው የኖራችሁት። በዘመቻ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ጠብታስ ወስዳለች?»

አስቴር እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሰዎቹማ መጥተው ነበር። እትዬ ብርቄ ከበራቸው ላይ ሆነው «ጤነኛ ልጅ ምን ጠብታ ያስፈልጋታል? ሂዱ ለታመመ ስጡ» ብለው ሲመልሷቸው፣ እኛ በመስኮት እያየን ልክ ናቸው ብለን ነበር።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሹፌር ነኝ።»

«ምን ይጭናሉ?»

እዚህ ላይ ድምፄ አነሰ። «ያው አትክልት፣ ፍራፍሬ። ፓፓያ፣ ካሮት፣ ጎመን። ከዓለም ጤና።» የከተማውን ስም ስጠራ ራሴን ሰቀጠጠኝ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለማን ነው የሚጭኑት ታዲያ?» አለችኝ።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ሲስተሯ አልተቆጣችንም፤ ብትቆጣን ይሻል ነበር። የጠብታውን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ሲፈን አፍ ውስጥ ጨመቀችላት። ለቀሪው መጠን የምንመለስበትን ቀን ነገረችን። ቶሎ ባናመጣት ኖሮ ዓይኗ ራሱ ሊጎዳ ይችል እንደነበርም ደበቅ ሳታደርግ ነገረችን። «መድኃኒቱ ያነሳታል፤ የሚያቆማት ግን ምግቡ ነው» አለች። «ፓፓያ፣ ካሮት፣ ቢጫ የሆነውን ስኳር ድንች፣ ጎመን ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ እንቁላል፣ አልፎ አልፎ የበሰለ ጉበት። እስክትድን ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ።»

ጉበት ስትል ሳቄ መጣ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። በየሥጋ ቤቱ ጉበቱን ከጨጓራው ጋር ዱለት አድርገን በሚጥሚጣ የምንጨርሰው እኛ አባቶች ነን። ጠጥተን እንኳ በጨለማ ሳንደናቀፍ ቤታችን የምንገባው ለካ የልጆቻችንን ድርሻ በልተን ነው።

በማግስቱ ዓለም ጤና ወረድኩ። ገመቹ የሚባል ገበሬ ወዳጅ አለኝ፤ ፓፓያውን ከእሱ ማሳ ነው የምጭነው። «አካም ጅርታ፣ ለማ?» አለኝ፤ «ፈያ» አልኩት፤ በልጅ የታመመ አንጀት ፈያ ከሆነ። ጭነቱ ካለቀ በኋላ፣ «እስኪ ለቤት የሚሆን ፓፓያ ምረጥልኝ» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማን ታመመብህ?» አለኝ።

አያችሁልኝ? አብቃዩ ራሱ! «ያንተ ልጆች ፓፓያ አይበሉም?» አልኩት። «ኧረ እነሱ አይወዱም» አለ። «ፓፓያ የገበያ ነው።» በዚያው ቅጽበት ሚስቱ እንቁላል በሰፌድ ይዛ ወደ አስፋልቱ ትሄዳለች። እንቁላሉን ለመንገደኛ ሸጣ፣ በገንዘቡ ለልጆቿ ብስኩት ገዝታ ልትመለስ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ተረት በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንቁላሉን ራሴ ገዛሁና፣ ግማሹን መልሼ ሰጥቼ በብስኩት ፋንታ ለልጆቿ እንድትቀቅልላቸው ለመንኳት። አንዴ ባሏን አንዴ እኔን አየች። ሹፌሩ ፀሐይ መትቶታል ብላ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ «እሺ» አለችኝ።

አዳማ ስገባ በሁለት እጄ ፌስታል አንጠልጥዬ ከጋቢናዬ ወረድኩ። በአንዱ ፓፓያ፣ በሌላው ካሮትና እንቁላል፣ በብብቴ ደግሞ የጎመን እስር። እትዬ ብርቄ በረንዳቸው ላይ ነበሩ።

«ለማ፣ ማን ታሞ ነው?»

«ማንም አልታመመ፣ እትዬ ብርቄ። ለሲፈን ነው።»

«ሲፈን? ሐኪም አይቷት የለ፣ ደግሞ ታማለች?»

«አልታመመችም። እንዳትታመም ነው።»

ይቺን አረፍተ ነገር ሰፈራችን ውስጥ ከእኔ በፊት የተናገራት ሰው ያለ አይመስለኝም። እትዬ ብርቄ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ወሬውን ለማድረስ ባጃጅም ጋሪም አላስፈለጋቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ በጠያቂ ተሞላ። በረንዳው አልበቃ ብሎ ወንበር ከጎረቤት መጣ። ባለ ሱቁ ሐጂ ከድር «አላህ ያሽራት» ብለው አንድ ካርቶን ጁስ ይዘው መጡ። ሴቶቹ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው መጡ። ልብ አድርጉ፤ እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ለሆኑት ለራሳቸው ልጆች ብርቱካን ገዝተው አያውቁም። አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ዙሪያውን ተቀመጡ። በሽተኛዋ ሶፋው ላይ እየዘለለች ነበር።

«ትዘላለች እንጂ ፊቷ ልክ አይደለም» አለች አንዷ። ሌላዋ «የእኔም የእህቴ ልጅ መጨረሻው ሲደርስ እንዲህ ተፍለቅልቆ ነበር» አለች፤ ይህም ለማጽናናት መሆኑ ነው። እኔ ቆሜ ማንም አልጋ እንዳልያዘ አስረዳሁ። ስለ ዳፍንቱ፣ ስለ ጠብታው፣ ስለ ፓፓያው ሁሉ ነገርኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝና፣ ስጨርስ አንዷ ለጎረቤቷ «ምን የሚደበቅ ነገር ቢሆን ነው?» ስትላት ሰማሁ። ሲወጡ በየተራ «እግዜር ይማርላችሁ» አሉ። አሜን አልወጣኝም። አሜን ካልኩ ታማለች ማለቴ ነው። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ይህም የባሰ ተቆጠረብኝ፤ «ልቡ ተሰብሯል፣ አሜን እንኳ ማለት አቅቶታል» ተባለ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ አስቴር አለቀሰች። «ለማ፣ በቃ ተወው» አለችኝ። «ጠብታውን ወስዳለች፤ ይበቃታል። ሰው ሞቷን ሊጠብቅ እየመጣ ነው። ቢያንስ ጎመኑን አታምጣ። ባሏ መኪናውን ሸጦ ለጎመን በቁ ነው የሚሉን።» አዘንኩላት። ሰው ምን ይላል የሚባለው ነገር ወንዱን ቢያልፈው ሴቷን አያልፋትም፤ ልጅ በከሳም በወፈረም ጣት የሚቀሰረው እናት ላይ ነው። ግን እምቢ አልኩ። «ሰው ያሻውን ይበል» አልኳት። «ሲመሽ ግድግዳ የምትዳብሰው የእኛ ልጅ ናት። ሰው ዓይን አያበድራትም።»

ችግሩ ሲፈን ራሷም ከሰው ወገን ነበረች። ፓፓያውን ተፋችው። ጎመኑን እንኳን ልትበላ ልታየውም አልፈለገችም። በብስኩትና በስኳር የተገራ አፍ ድንገት ቅጠል ሲሰጡት ምን ያድርግ? ታገልናት። ለመንናት። አቅራራንላት። የቤታችን ወለል ከእሷ ይልቅ ብዙ ካሮት በላ። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ እልህ ግን ልጅ ላይ አይሠራም፤ ልጅ የበለጠ እልኸኛ ነውና። ያሸነፈቻት አስቴር ናት። ካሮቱን ፍቃ፣ ጎመኑን ድቅቅ አድርጋ ከትፋ፣ በዘይት አብስላ፣ እንቁላል ጨምራ ከምትወደው መኮሮኒ ጋር ደባለቀችው። ሲፈን አንዴ ጎረሰች፤ ትንሽ አሰበች፤ ደገመች። ያን ቀን አስቴር ቀዩን ሽሮፕ ከቡፌው ላይ አንስታ የት እንዳደረሰችው አልጠየቅኳትም።

ፓፓያውን ደግሞ እኔ ወሰድኩት። ሰው የሚያወራው የተደበቀ ነገር ያለ ሲመስለው ነው፣ እንግዲያውስ በአደባባይ ይሁን አልኩ። ሥራ በማይኖረኝ ከሰዓት የግቢያችንን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩና፣ በርጩማ አውጥቼ፣ ልጄን ደጅ ላይ አስቀመጥኳት። ፓፓያውን ለሁለት ሰነጠቅኩ፤ ሎሚ ጨመቅኩበት። መንገደኛ እያየ ያልፋል። ባጃጁ ቀዝቀዝ እያለ ያልፋል። እኔ በማንኪያ አበላለሁ። ወፍራም ልጅ ደጅ አይወጣም፣ ሲበላ አይታይም የሚለውን ሕግ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሻርኩት። ይታይ! የልጄን ጉንጭ ሰው እንዳያይ ብዬ ልጄ ሰው እንዳታይ አላደርግም።

የሰፈሩ ሕፃናት ተሰበሰቡ። ሕፃን ምንም ነገር ሲበላ ካየ ይሰበሰባል። እኔም ቆርጬ ሰጠኋቸው። ያን ጊዜ ተአምር አየሁ፤ ሲፈን ስትተፋው የከረመችውን ፓፓያ አቤል ሲውጠው አይታ «የኔ ነው!» ብላ ከእጁ ቀማችው። ጠብ ተነሳ፣ ተበላ። እናቶቹ ግን ከየቤታቸው እየወጡ ልጆቻቸውን በክንዳቸው መንጠቅ ጀመሩ። እትዬ ብርቄም አቤልን ጎትተው ወሰዱት። «የሚተላለፍ ቢሆንስ?» አሉኝ፣ እያዘኑልኝ። በማግስቱ ደግሜ ወጣሁ። በሦስተኛውም ወጣሁ። አቤል በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ይመጣ ነበር፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ የእሱን ድርሻ በርጩማው ጫፍ ላይ አስቀምጥለት ነበር።

ቀሪውን ጠብታ ካስወሰድናት በኋላ፣ አንድ አመሻሽ ከባቱ ተመለስኩ። ዘግይቻለሁ፤ ግቢው ደንገዝገዝ ብሏል፤ መብራትም ጠፍቷል። ክላክስ አደረግኩና ወርጄ ቆምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሩን አቅፋ አባዬ እንዳትል ፈርቼ ወደ እሷ ለመሮጥ ተዘጋጅቼ ነበር። ሲፈን ወጣች። ጀሪካኖቹን በቀኝ አለፈቻቸው፣ በርጩማውን በግራ ዞረችው፣ ቀጥ ብላ መጥታ ፊቴ ቆመች። ቁልቁል አየችና «አባዬ፣ የጫማህ ክር ተፈቷል» አለችኝ።

እዚያው ተቀመጥኩ። ክሩን ላስር ጎንበስ ብዬ ማሰር አቃተኝ። እንባዬ ሲወርድ ልጄ አየችው፤ ማየቷ ደግሞ የባሰ አስለቀሰኝ። በጭንቅላቴ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ ተጭኖ የኖረ ኬሻ የወረደልኝ መሰለኝ። አስቴር ከበሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች።

እትዬ ብርቄም ከበረንዳቸው አይተዋል። እልል አሉ። ወጥተውም ሳሙን። «እሰይ፣ እሰይ! ዳነችልህ። እግዜር ይመስገን» አሉ። ቀጥለውም «እንግዲህ በቃ፣ ያንን ፓፓያና ቅጠላ ቅጠል ተዉላት። የጤነኛ ልጅ ሆድ ያበላሻል» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። እነዚህን ሰዎች «ልጄ ጤነኛ ናት» ብዬ ስከራከር የከረምኩት ለካ የራሴን ጉድጓድ ስቆፍር ነው። በዚህ ሰፈር ጤነኛ ሆኖ ፓፓያ መብላት አይቻልም። እንግዲያውስ ጤነኝነቱ ይቅርብን።

«አልዳነችም፣ እትዬ ብርቄ» አልኳቸው።

«ኧረ ዓይኔ እያየ ስትሮጥ!»

«ቢሆንም አልዳነችም። እስክትዳር ድረስ አትድንም።»

ትክ ብለው አዩኝ። የምቀልድ መሆኔን ከፊቴ ሊያነቡ ፈለጉ፤ አልቀለድኩም። አቤል ከኋላቸው ቀሚሳቸውን ይዞ ቆሞ ነበር። ጨለማው እየበረታ ሄዷል። እሳቸው ወደ ቤታቸው ሲዞሩ ልጁ ተከተላቸው፤ ደረጃው ላይ ሲደርስም ቆመና እግሩን ከፍ አድርጎ አየሩን ረገጠ፤ ከዚያ ዳበሰ። እትዬ ብርቄ ዞረው አዩት። እኔም አየሁ። በማግስቱ ማለዳ አቤልን አቅፈው ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ሲታጠፉ ከጋቢናዬ ሆኜ አየኋቸውና፣ እንዳያፍሩ ብዬ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ለምጽ እንደያዘው ሰው ይሸሹን የነበሩት ሁሉ ቀስ በቀስ ተመልሰዋል። ሲመጡ «ሲፈን እንዴት ናት?» ይሉኛል፤ እኔም ፊቴን ቅጭም አድርጌ «ያው ናት፣ እንደተኛች ናት» እላለሁ። ሲፈን ያን ጊዜ አጥር ላይ ናት። «እግዜር ይማርላችሁ» ሲሉኝ አሁንም አሜን አልልም፤ ምክንያቴ ግን ተለውጧል።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ጭነቴን አዳማ ገበያ አራግፌ ስወጣ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው የሚሄዱ አንዲት ሴት አየሁ። ነጠላው ከጎን በኩል አብጧል። ከሥሩም የካሮት ቅጠል ሾልኮ ወጥቷል። መንገዱን ቆርጬ ፊታቸው ቆምኩ።

«እትዬ ብርቄ» አልኳቸው፤ «ምነው፣ ማን ታሞ ነው?»

ግራ ቀኝ አዩ። የሰፈር ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ፌስታሉን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉና «አቤል ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ተሻለው አልነበር እንዴ? ትናንት ከእኔዋ ጋር ሲራገጥ አየሁት።»

«አይ ልጄ፣ አልተሻለውም» አሉ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። «ያንተዋ ልጅ የያዛት በሽታ ነው የያዘው።»

ኮፍያዬን አወለቅኩ። ለጠያቂ እንደሚገባ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣

«እግዜር ቶሎ አይማርልዎ» አልኳቸው።

«አሜን» አሉ።